ሰባት ፍየል ከግማሽ

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ በላብ የተጠመቅኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ወባ ይዞኝ ነው። ሁለተኛው ጨፋ ሮቢት አጠገብ፣ አንድ የፍየል በረት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። የወባውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የበረቱን ልንገራችሁ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ቤቴ ከሚሴ፣ ማስተምረው ደግሞ ጨፋ ሮቢት አካባቢ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ ችግሩ ግን ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔው ራሴ ነበርኩ። ብዕር ማንሳት እንደ ውርደት እቆጥረው ነበር። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ጓደኞቼ ሁለት ትልልቅ ቁጥር ጠርተው ሳይጨርሱ እኔ ብዜቱን ጣል አደርገዋለሁ። "ካልኩሌተሩ" ይሉኝ ነበር። ለዓመታት እንደ ማዕረግ ለበስኩት፤ ሲጠሩኝ ለምን እርስ በርስ ይጠቃቀሱ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

በዚያው ዘመን ዘሀራን ወደድኩ። ከሚሴ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ጊዜ የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ ገብቼ፣ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ሆኜ ሳለሁ ለስምንት ወር ታመምኩ። በመጨረሻ እሷው፣ "እኔ እኮ ኪኒን እየሸጥኩልህ ላሽርህ አልችልም፤ ሽማግሌ ላክ" አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ አጎቴ ሰይድ ነው፤ ምላሱ ቅቤ ነው፣ ሠርግ ያለ እሱ አይደምቅም። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ክርስቲያን ናቸው፣ በኛ ሰፈር ግን ዱአውም ሽምግልናው ያለ እሳቸው አይያዝም። በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ሲላክ አግቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን አላስችል አለኝ። የጓደኛዬን ባጃጅ ተውሼ፣ "ሹፌር ነኝ" ብዬ ራሴ ጭኛቸው እሁድ ጠዋት ወረድን።

የዘሀራ አባት አቶ ይማም ፍየልና ከብት አርቢ ናቸው። ግቢያቸው ስንደርስ በረቱ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ነበሩ። ልጅቷን ሳያት ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፋሁት፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ሀያት ነበረች።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ አጎቴ ከባጃጁ ወርዶ።

"ወአለይኩሙ ሰላም። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ? ኮታ፣ ኮታ፣ ቅረቡ" አሉ አቶ ይማም። ከዚያ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደ ባጃጁ አዩና፣ "ያ መሪው ሥር የተጎለተው ልጅ ሙሽራው ነው ወይስ ሹፌሩ?" አሉ።

ጋሽ ተፈራ ውሸት አይሆንላቸውም። "ሁለቱንም ነው" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ባጃጁ ውስጥ ጆሮዬን አስረዝሜ ቀረሁ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ የተለመደውን ሊጀምር ሲል አቶ ይማም እጃቸውን አነሱ።

"የመጣችሁበት ገብቶኛል፤ ክብራችሁ በራሴ ላይ ነው። ግን ዛሬ አንገቴ ላይ አማና፣ የሰው አደራ፣ አለ። እሱን ሳላወርድ የልጄን ነገር አፌ ላይ አላነሳም።"

አማናው ይህ ነው። የሀያት አባት የአቶ ይማም ጎረቤት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሞተ። ፍየሎቹን አቶ ይማም በአደራ ተቀብለው ለብቻ በረት አበጅተው ያዟቸው። ስምምነቱ በአካባቢው የታወቀ ነው፦ መነሻው ፍየል የባለቤቱ፣ ወተቱ የጠባቂው፣ ዓመት ሲሞላ የተገኘው ጭማሪ ደግሞ እኩል ለሁለት። አሁን ዓመቱ ሞላ። የሀያት እናት በማግስቱ ልጇንና ፍየሎቿን ይዛ ባቲ ወንድሞቿ ዘንድ ልትሄድ ነው። መካፈል የሚቻለው ያን ቀን ብቻ ነበር።

"ታዲያ ምኑ ቸገረ? መጀመሪያ ስንት ነበሩ?" አለ አጎቴ።

"አልተቆጠሩማ!" አሉ አቶ ይማም፣ የማይጠየቅ ነገር እንደተጠየቁ ሁሉ። "የተቆጠረ ፍየል በረካው ይሄዳል። እኔ በመልክ ነው የማውቃቸው። ዘንድሮ ደግሞ በሽታ ገብቶ የሞተው ሞተ፣ የተወለደው ተወለደ። መልኩ ሁሉ ተደባለቀብኝ።"

የቆጠረ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የግብርና ባለሙያው። አምናም ዘንድሮም ፍየሎቹን ቆጥሮ መዝግቧል። ደወሉለት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙት፤ እኔም ከባጃጁ ሆኜ ሰማሁ።

"አሁን ስልሳ ናቸው አባባ። ካምናው በሃያ አምስት በመቶ ጨምረዋል ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ።"

"አምና ስንት ነበሩ ልጄ?"

"እሱ እንኳ ፋይሉ አሁን እኔ ጋ የለም። ፐርሰንቱ ግን አስተማማኝ ነው።"

ቁጥሩ ጠፍቶ ፐርሰንቱ የተረፈው እንዲህ ነው። አጎቴ አጋጣሚ አያመልጠውም። "ኧረ ይማም! አላህ ያመጣልህን ነገር እይ! የኛ ልጅ እኮ የሒሳብ መምህር ነው! ኢድሪስ! ና ውረድ!"

ወረድኩ። ኧረ እንዴት አድርጌ ወረድኩ! ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ የማድ ቤቱ በር ገርበብ ማለቱን በጎን አይቼ። ዘሀራ እዚያ ውስጥ መሆኗን አውቃለሁ። ሀያት አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

"ስልሳ ነው? በሃያ አምስት በመቶ ጨምሮ?" አልኩ። ለወጉ ያህል እንኳ አልቆየሁም። "የስልሳ ሃያ አምስት በመቶ አሥራ አምስት ነው። ከስልሳ አሥራ አምስት ሲነሳ አርባ አምስት። አምና አርባ አምስት ነበሩ። ጭማሪው አሥራ አምስት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ሰባት ከግማሽ፣ ሰባት ከግማሽ።"

"ማሻአላህ!" አለ አጎቴ። "ብዕር እንኳ አልያዘም!"

"ግማሿን ፍየል ምን እናድርጋት?" አሉ ጋሽ ተፈራ። ቀጥለውም፣ "አርዳችሁ ብትጋብዙን እኮ ሒሳቡ ቀጥ ይላል። እኔ ለብቻዬ የእስላም ሥጋ አልበላም ብል ደግሞ ለእናንተ የሚተርፈው ይበዛል" አሉ።

ሁሉም ሳቀ። አቶ ይማም ብቻ አልሳቁም። በትራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩና፣ "እንደገና አስበው" አሉኝ።

"አባባ፣ ሒሳብ እኮ ሁለት መልስ የለውም።"

"አውቃለሁ። እንደገና አስበው።"

"ለምን?"

"ወደ እኔ አደላ። ወደ እኔ ያደላ ነገር ደስ አይለኝም።"

ይህ ምን ዓይነት የሒሳብ ማጣሪያ ነው ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። በዚህ መሃል ሀያት ከእናቷ ጀርባ ሆና፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "ቲቸር… አርባ ስምንት ነው" አለች።

"ሀያት!" አልኳት፣ ክፍል ውስጥ በለመድኩት ድምፅ። "ትልቅ ሰው ሲያወራ!"

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ፤ አላየሁትም። እትዬ ዘይነባ ግን ከበረቱ መዝጊያ አጠገብ ሆነው ጠሩኝ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ፍየሎቹን ዓመቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ያለቡት ግን እሳቸው ናቸው።

"ና እስቲ መምህር። ይኸ በመቶ ሃያ አምስት የምትሉት በሚገባን ቋንቋ ምን ማለት ነው?"

"ከመቶ ሃያ አምስት ማለት… ያው ከአራት አንድ ማለት ነው እትዬ። ለአራት ፍየል አንድ ጭማሪ።"

"ለአራት እናት አንድ ግልገል በለኛ!"

"እንደዚያ ነው።"

"እናቶቹም ግልገሉም አሁን በረት ውስጥ ናቸው አይደል? ስንት ይሆናሉ?"

"አምስት" አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ጠጠር ለቀም ለቀም አደረጉና መዝጊያውን ከፈቱ። ፍየሎቹን በእጃቸው እየገፉ፣ በኦሮምኛ አንድ ሁለት እያሉ ያስወጧቸው ጀመር። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን።" አምስት ሲወጡ መዝጊያውን ገጠም፣ አንድ ጠጠር መሬት ላይ። እንደገና፣ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን።" አንድ ጠጠር።

"ዘይነባ፣ በረካው!" አሉ አቶ ይማም።

"ፍየል አልቆጠርኩም። አምስት አምስት አድርጌ ነው የለቀቅኩት። የሚቆጠረው ጠጠሩ ነው፤ የጠጠር በረካ ይሂድ።"

በረቱ ባዶ ሲሆን ጠጠሩን ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብለው ቆጠሩት። አሥራ ሁለት።

"ከያንዳንዱ አምስት አንዱ ጭማሪ ነው። አሥራ ሁለት። ስድስት ለኛ፣ ስድስት ለልጅቷ። የመጀመሪያዎቹ አርባ ስምንት" አሉ እትዬ ዘይነባ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ።

አርባ ስምንት ላይ ሩቡን፣ አሥራ ሁለትን፣ ጨመርኩ። ስልሳ። አርባ አምስት ላይ ሩቡን ጨመርኩ። ሃምሳ ስድስት ከትንሽ። አራት ያህል ፍየል የት ገባ? ያን ጊዜ ነው ላቡ የጀመረው። ፍየሎቹ የጨመሩት በአምናው ቁጥር ላይ ነው፤ እኔ ግን የዘንድሮውን ሩብ ቆርጬ ነበር የጣልኩት። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ግማሽ ፍየል ሲወጣልኝ እንኳ አለመጠርጠሬ ነው። ግማሽ ግልገል የወለደች ፍየል የት አለች?

ስልኬን አየሁት። የዘሀራ መልእክት ነበር፦ "አትከራከር! ልጅቷ ልክ ናት።" ከሃያ ደቂቃ በፊት የተላከ።

"እሺ፣ ተሳሳተ" አለ አጎቴ ፈጥኖ። "ሰው ነው፤ ይሳሳታል።"

"መሳሳቱ አይደለም የጨነቀኝ" አሉ አቶ ይማም። ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። "የሒሳብ መምህር ነው ብለኸኛል። ዘይነባ በጠጠር ያገኘችውን እሱ ያጣዋል? አላጣውም። ልጄን ሊጠይቅ መጣ፤ ፍየሉን ወደኔ ገፋልኝ። እማኝ ሆኖ የሙት ልጅ፣ የየቲም፣ ሐቅ ቆርሶ ጉርሻ አድርጎ ሰጠኝ። ዛሬ ለኔ ብሎ የየቲም ሐቅ የቆረሰ፣ ነገ ለሌላው ብሎ የልጄን ይቆርሳል።"

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስሰማ ፈራሁ። መሳሳትን እንጂ መዋሸትን በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ግን እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ዕድሜዬን ሙሉ አዋቂ ነኝ ስል ኖሬያለሁ፤ አሁን ድንቁርናዬን የሚመሰክርልኝ ሰው ከየት ላምጣ? "ወላሂ አባባ፣ አላወቅኩም ነው" አልኩ። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ጋቢውን ሰበሰበ። ጋሽ ተፈራ ተነሱ። ጉዳዩ አበቃ።

ሀያት በሩጫ ከግቢው ወጣች። ቤታቸው ቀጥሎ ነው፤ ወዲያው ተመለሰች፣ ደብተር ይዛ። ለአቶ ይማም ልትሰጥ ዘረጋችና ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ሲላት ለጋሽ ተፈራ ሰጠች።

"ቲቸር አልዋሹም" አለች። "ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ነው ያሉት።"

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። "የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁጥር በሃያ በመቶ ጨምሮ ሦስት መቶ ስልሳ ሆነ። ቀድሞ ስንት ነበር?" ቀጥሎ የሀያት እጅ ጽሑፍ፦ "አሁን ያለው መቶ ሃያ በመቶ ነው። መቶ ሃያ በመቶ ሦስት መቶ ስልሳ ከሆነ፣ አሥር በመቶ ሠላሳ ነው። መቶ በመቶ ሦስት መቶ።" ከዚያ ጋሽ ተፈራ ደብተሩን ወደ ፀሐይ አዞሩት። "እዚህ ላይ በቀይ ትልቅ ኤክስ አለ። ሥሩ ደግሞ፣ 'መልሱ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ነው። ተቻኩለሻል፤ አስተውዪ!' ይላል።"

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ቀጥሎ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ አንድ የታፈነ ሳቅ ፈነዳ፤ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። በመጨረሻ አቶ ይማም ራሳቸው በትራቸው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! ለካ ሌባ አይደለም" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ለካ የማያውቅ ነው!"

በሕይወቴ አላዋቂ ተብዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ግን ሀያትን ሳያት ደስታው አልዘለቀም። ይህች ልጅ ልክ ሆና ሳለ "አስተውዪ" ብዬ በቀይ ጽፌባታለሁ። ቅድም ደግሞ በትልልቅ ሰው ፊት አፏን ዘግቻለሁ። እሷ ግን ደብተሯን ያመጣችው ልታዋርደኝ ብላ አልነበረም፤ ልታድነኝ ነው። አፈርኩ። ብዕር ለምኜ ኤክሱን ሰርዤ፣ ልክ ነሽ ብዬ ጻፍኩና፣ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"አውፍ ብያለሁ ቲቸር" አለች፣ እሷው አፍራ።

አቶ ይማም ግን አልለቀቁኝም። "ስንት ልጆች ናቸው እንደሷ ልክ ሆነው የሰረዝክባቸው?"

"ከሀያት ሌላ ስድስት ይመስሉኛል።"

"የነሱም ሐቅ ነው። ሂድና መልስ፤ አውፍ አስብል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ና። በባጃጅ ውስጥ ሳይሆን በእግርህ ግባ።"

በማግስቱ ሀያትና እናቷ ሃምሳ አራት ፍየላቸውን ይዘው ባቲ ወረዱ። እኔ ክፍል ገብቼ ደብተሮቹን ሁሉ ሰበሰብኩ። ስድስቱን እየጠራሁ በጓደኞቻቸው ፊት አረምኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኩ። አምስቱ እየሳቁ አውፍ አሉኝ። ስድስተኛዋ ሶፍያ እጆቿን አጣምራ ቆመች።

"አልልም" አለች።

"ለምን?"

"ቲቸር፣ የዚያን ቀን አሠራሬን ላሳይዎት ስመጣ፣ 'ጊዜ የለኝም፣ ተቀመጪ' ብለውኛል። ማርኩን መልሰውልኛል። እሱን ግን አልረሳሁትም።"

ማክሰኞም ጠየቅኳት፤ ሐሙስም ጠየቅኳት። እምቢ አለች።

አርብ ስንወርድ አጎቴ መንገድ ሙሉ ሲመክረኝ ነበር። "ሁሉም አውፍ ብለዋል በል፤ ማን ያጣራል? ለአንዲት ልጅ ብለህ ትዳርህን ልታጣ ነው?" እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከ ግቢው በር ድረስ ልለው ወስኜ ነበር። ዘሀራን ማጣት ከውሸቱ ይልቅ ይከብደኝ ነበር።

አቶ ይማም ከጥላው ሥር አስቀመጡን። "እሺ መምህር፣ ስድስቱስ?"

ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። "አምስቱ አውፍ ብለዋል አባባ። አንዷ እምቢ ብላለች።"

አጎቴ እግሬን ረገጠኝ።

"ለምን እምቢ አለች?"

ነገርኳቸው፤ ምንም አላስቀረሁም። "ጊዜ የለኝም፣ ተቀመጪ" ማለቴንም።

"ቤቷ ሄጄ ላማልድህ?"

"አይ አባባ። ልክ ናት። አውፍ ማለት የሷ ነው፤ ጎትተን የምንወስደው ነገር አይደለም።"

አቶ ይማም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ዘሀራ!" ብለው ተጣሩ። ሽማግሌ ፊት ልጅ መጥራት የደንቡ አይደለም፤ ጋሽ ተፈራ እንኳ ቀና ብለው አዩ። ዘሀራ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች።

"ሰምተሻል አይደል? ምን ትያለሽ?"

"አባዬ፣ በኔ በኩል ችግር የለም" አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። "ግን የቤቱን ሒሳብ እኔ እይዛለሁ።"

"ዱአ ያዙ" አሉ አቶ ይማም፣ እጃቸውን ለምርቃት ዘርግተው።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሆነው። የቤቱን ሒሳብ እሷ ይዛለች። እኔ አሁንም አስተምራለሁ፤ ብዕር ግን አነሳለሁ። የጭማሪ ጥያቄ ስሰጥ መጀመሪያ፣ "ሃያ አምስት በመቶ የምኑ? የአምናው ነው የዘንድሮው?" እላለሁ። መልሱን ካገኛችሁ ደግሞ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጨምሩት፤ ስልሳ ካልመጣ ፍየል ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ለፈተና ይጠቅማችኋል። ለኑሮ የሚጠቅመውን የተማርኩት ግን ከአማቴ ነው፤ መልስ ስታገኙና ደስ ሲላችሁ፣ ደስ ስላላችሁ ብቻ እንደገና ሥሩት። እኔ ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር እንደገና ሠራሁ መሰላችሁ፦ ከሰው ጋር ተጣልቼ እኔ ልክ ሆኜ ስገኝ፣ ተማሪ ጥፋተኛ ሆኖ እኔ ንጹሕ ስሆን። ብዙውን ጊዜ ድጋሚ ስሠራው ቁጥሩ ይለወጣል።

ሶፍያን ለሠርጋችን ጠራኋት። ቤተሰቦቿን ይዛ መጣች። ደህና አድርጋ በላች፤ ዘሀራን አቅፋ ሳመች፤ ጨፈረችም። ልትወጣ ስትል እኔ ወደቆምኩበት መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ።

"ቲቸር፣ ትዳራችሁን አላህ ያሳምረው። ሠርጉ በጣም ቆንጆ ነው" አለች። ልቤ ሙቅ አለ። እጄን ጨብጣ ፈገግ አለችና ጨመረች። "አውፍ ግን አላልኩም።"